አፍ የሌለው ጊታር

አጎቴ በጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሱቃቸው ውስጥ የሚያጫውቱት የድሮ ሸክላ ዘፋኝ የለውም፤ ጊታር ብቻ ነው። አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ገብቶ፣ «ይህን የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ያጥፉ!» አላቸው።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ጊታር እኮ አፍ የለውም። ምን ተናገረ ብለህ ነው የምትከሰው?» አሉት።

ካድሬው ተናዶ ማጫወቻውንም ሸክላዎቹንም ወሰደ። በማግስቱ አጎቴ ልብስ እየሰፉ ያንኑ የጊታር ዜማ ያንጎራጉሩት ጀመር። አሰሯቸው። ሲፈቱም አላቆሙም። «እስቲ ከጆሮዬ ያውጡት!» ይሉን ነበር።

ደርግ ሳይወድቅ አጎቴ ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከቀብር ስንመለስ ሱቃቸው ጭር ብሏል፤ ወንበራቸው ባዶ ነው። ካድሬው መንገድ ዳር ቆሞ ያየናል። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ዜማቸውን ጀመርኩ። እያለቀስኩ ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው አዜምኩት።