ሳልምል የሸጥኩባቸው ወራት

የልጅ ልጄ የሌላ ልጅ ሙዝ በላች። ከዚያ ልጣጩን በግራ እጇ እንደያዘች፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ወላሂ አልበላሁም" ብላ ማለች። ይህን የነገረችኝ የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ናት። አምስት ዓመቷ ነው፤ የልጅ ልጄ ማለቴ ነው። መምህሯም ብትሆን ከዚያ ብዙ የምትርቅ አልመሰለችኝም። ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ ከሃምሳ በታች ያለው ሰው ሁሉ ገና ጡት የጣለ አይመስለኝም።

"አባባ፣ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጠራዎትም ነበር" አለችኝ ሳቋን እየዋጠች። "ለሁሉም ነገር ትምላለች። እርሳሱን ማን ሰበረው ስላት፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም ትላለች። ስትሰብረው እኮ እያየኋት ነው። አሁን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ከእሷ ተማረ። የክርስቲያኖቹ ልጆች ሳይቀሩ ወላሂ እያሉ ነው ቤታቸው የሚገቡት።"

በሆዴ ማሻአላህ አልኩ። ገና ፊደል ሳትቆጥር አንድ ክፍል ሙሉ ታስተምራለች። የመምህሯን ፊት ሳይ ግን ቶሎ ብዬ ግንባሬን አኮማተርኩ።

ነገሩ በሳቅ አላለቀም። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ፈረቃው ስለሚቀያየርባት ልጅቷ ሳምንቱን ደሴ እኔ ዘንድ ትከርማለች፤ ቅዳሜ እናቷ ትመጣለች፣ ወይም እኔ ይዣት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ይህች ልጅና የሚያንጠባጥበው ቧንቧ። ቧንቧውን እንኳ ሳይጠገን የተውኩት ዝምታውን ፈርቼ ነው።

መምህሯ ለልጄም ደውላላት ኖሮ ልጄ በዚያው ቅዳሜ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

"አባ፣ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አያለሁ። በውሸት መማሏን ካልተወች ኮምቦልቻ እወስዳታለሁ። ጎረቤቴ ትይዝልኛለች።"

"ጎረቤትሽ እኮ አራት ልጅ አላት።"

"አምስተኛ ትሆናለቻ።"

ልጄ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። በማን እንደወጣች አላውቅም፤ በእኔ እንዳልሆነ ግን ሰፈሩ ይመሰክራል።

ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጠርጥሬ ዘጋሁት፤ እኔ የምከታተለው ድራማ ባለታሪኳ ልትታፈን የነበረበት ቦታ ላይ ተቋረጠ። ቀጥሎ ስልኩን ወነጀልኩ፤ ስልኩ የራሴ ስለሆነ የተቀጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወያላዎቹን አሰብኩ። "ወላሂ አሁን ነው የምንወጣው" ብሎ ሰውን ለአንድ ሰዓት በሚኒባስ ውስጥ የሚያስቀምጥ ወያላ ልጅ ያበላሻል እንጂ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መናኸሪያውን ትተን በዳገቱ መዞር ጀመርን። ወያላዎቹ ምንም አልሆኑም። ጉልበቴ ግን ተቀጣ።

ጥፋተኛው የተያዘው ሱቄ ውስጥ ነው።

ሻሽ፣ ሽርጥና የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ጥርሴ ሙሉ በነበረበት ጊዜ የጀመርኩት ሥራ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ባንኮኒው ሥር ትጫወታለች። አንድ ቀን ከሰዓት እኔ ከኋላ ጨርቅ ሳጥፍ፣ የጎረቤት ልጅ መጥታ ገዢ ሆነች።

"ይሄ ሻሽ ቀለሙ ይለቃል?" አለች ገዢዋ።

የእኔዋ የፕላስቲክ ክዳን እንደ ኮፍያ ደፍታለች። ክዳኑን በጣቷ ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። እጇን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። "ወላሂ፣ አጥበሽ አጥበሽ እጅሽ ያልቃል እንጂ እሱ አይለቅም። ለእህቴም የሰጠኋት ይህንኑ ነው።"

እህት የላትም። እኔም የለኝም።

ፊት ለፊቴ ጫማ የሚሸጠው ወዳጄ ከደጃፉ ሆኖ ሁሉንም አይቷል። "አብሽር" አለኝ፣ "ሱቁን የሚወርስ አጣሁ እያልክ አልነበር?"

የእኛን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ መስመር ላለነው ጨርቅ ሻጮች መሐላ እንደ መቀስና እንደ ሜትር የሥራ ዕቃ ነው። ገዢዋ "አይለቅም?" ትላለች፣ ሻጩ ይምላል፣ ገዢዋ እንደማታምን ፊቷን ታዞራለች፣ ሻጩ ጠበቅ አድርጎ ይምላል፣ ጨርቁ ይቆረጣል። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ከሁለታችን መካከል የተታለለ የለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ የምትሰማ ሦስተኛ ሰው መኖሯን አላሰብኩም። ለእሷ ወላሂ ማለት ሰው ሲጠይቅህ የምትለው ነገር ነው፤ እንደ "አቤት"።

መጀመሪያ በምክር ሞከርኩ። አስቀመጥኳትና በውሸት መማል ሐራም መሆኑን፣ ጥሩ ልጅ እንደማትምል አብራራሁ።

"አንተስ?" አለች።

"የእኔ ሥራ ነው።"

በማግስቱ መምህሯ ደወለች። የሰው ቀለም ወስዳ፣ ምላ፣ ለምን ማልሽ ስትባል "ሥራ ነው" ብላለች።

የዚያን ቀን የአስር ሰላት ስሰግድ ግንባሬ መሬት ሲነካ አፈርኩ። ይህን በቀልድ አላልፈውም። የማን ስም ጠርቼ ስንት ቀይ ሻሽ እንደሸጥኩ አሰብኩ። ከሰላት ስመለስ ጠራኋት፤ የምለካበትን የእንጨት ሜትርም እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

"ከዛሬ ጀምሮ አባባ አይምልም። ስምል ከሰማሽ ባንኮኒውን ምቺው።"

ዓይኗ በራ። ከዚያ በፊት ያንን እንጨት መንካት ክልክል ነበር።

አለመማል እንዲህ ከባድ መሆኑን የሚያውቅ ሞክሮ ያየ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከደሴ ዙሪያ አንዲት እናት መጡ፤ ደንበኛዬ ናቸው።

"ይሄ አረንጓዴው አይለቅም?"

"ትንሽ ሳይለቅ አይቀርም።"

ሴትየዋ ቀና ብለው አዩኝ። "ምነው፣ ተጣላን? ልትሸጥልኝ ካልፈለግህ እንዲያው በቀጥታ አትነግረኝም?"

"ኧረ እውነቴን ነው።"

"እንግዲያው ማልልኝ።"

ጉድ በሉ። መልቀቁን ለማመን እንኳ መሐላ ይፈልጋሉ። ባለ ጫማው ወዳጄ ከማዶ "እኔ እምልለታለሁ" ብሎ ጮኸ። ሴትየዋ ጨርቁን አስቀምጠው ሄዱ። የልጅ ልጄ ሜትሯን ከፍ አድርጋ እኔን እኔን ታያለች፤ አንድ ቃል ቢያመልጠኝ ደስታዋ ነበር። በዚያ ሳምንት ባንኮኒው የተመታበትን ብዛት አልናገርም። አንድ ገዢማ ልጅቷ ከበሮ እየተማረች መስሏት "በርቺ" ብላት ሄደች።

መፍትሔው የመጣው ከችግር ነው። ሳልምል ቃሌን የሚያምን ከሌለ፣ ጨርቁ ራሱ ይናገር ብዬ አንድ ሳፋ ውሃና ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ገዢ ሲጠይቅ ከዳር ትንሽ እቆርጣለሁ፤ ልጅቷ ሳፋው ውስጥ ትነክረዋለች፤ ነጩ ላይ ታሸዋለች፤ ፍርዱን ትሰጣለች።

"ይለቃል!"

እንዴት ባለ ደስታ እንደምትለው። የራሷ አያት ሱቅ መሆኑን የረሳች ይመስል። ግማሹን ዕቃዬን በሁለት ሳምንት አዋረደችው፤ አርባ ጊዜ የማልኩለት ቀይ ሻሽ ሳፋውን ሻይ አስመሰለው። እኔ ጥግ ይዤ ያለፈ ሥራዬን በውሃ ውስጥ አየሁት።

ግን ሰው መጣ። በመጀመሪያ ሊስቅ መጣ፣ ከዚያ ሊገዛ። "አይለቅም" ያለችውን ያለ አንድ ክርክር ይዘው ይሄዱ ጀመር። ከቦሩ ሜዳ የመጡ ሴቶች ባለ ጫማውን "ባለ ሳፋው የቱ ጋ ነው?" ብለው ሲጠይቁት በጆሮዬ ሰማሁ። ወዳጄ ጣቱን ወደ እኔ ሲቀስር ፊቱ ሎሚ የነከሰ ሰው ፊት ነበር። እኒያ የሄዱት የደሴ ዙሪያዋ እናትም ተመለሱ፤ አረንጓዴውን ሳይሆን ሰማያዊውን ወሰዱ።

ከሁሉም የበለጠው ግን የመምህሯ ስልክ ዝም ማለቱ ነው። አንድ ወር ሞላ፤ አልደወለችም። እኔው ጨንቆኝ ደወልኩ። "ደህና ናት አባባ" አለችኝ፤ "ባለፈው ውሃ ደፍታ፣ ሳልጠይቃት መጥታ ነገረችኝ።"

ሴሚስተሩ ባለቀ ቅዳሜ ልጄ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣች። በማግስቱ ደጋን ከተማ ሠርግ ስላለባት አዲስ ወይን ጠጅ ሻሽ ገዝታለች፤ ከሌላ ሱቅ፤ ይህን ቅሬታ ለሌላ ጊዜ አቆየሁት። ሱቄ መጥታ ሻሹን ወንበር ላይ ሰቅላ ልትሰግድ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ገዢ ይዤ ነበር። ዞር ስል ከሻሹ ጥግ የጣት ያህል ቁራጭ ጎድሏል፤ ሳፋው ውስጥ አንድ ወይን ጠጅ ነገር ይዋኛል።

ልጄ ተመልሳ ሻሹን አነሳች። "ማነው ይህን የቆረጠው?"

ልጅቷ ባንኮኒው ሥር ገባች። እዚህች ላይ አንድ ውሸት፣ አንድ መሐላ ከአፏ ከወጣ ያ ሁሉ ወር ገደል ገባ፤ ሻንጣዋ ዛሬውኑ ሐረጎን ይወርዳል። ጎረቤትየዋ ከነአራት ልጆቿ ታየችኝ። ስለዚህ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ።

"አይጥ ነው" አልኩ።

"አይጥ? እንዲህ ቀጥ አድርጋ?"

"የሱቅ አይጥ ናት። ስታይ ነው የኖረችው።"

ልጄ እጆቿን አጣምራ አየችኝ። "ይማሉልኛ።"

እጄ ሳላዘው ደረቴ ላይ ነበር። ኮፍያዬ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ምላሴ የመጀመሪያውን ፊደል ይዟል።

"አባባ፣ አትማል" አለች ከባንኮኒው ሥር። ወጥታ በመካከላችን ቆመች። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት እማ። ይለቅ እንደሆነ ላይልሽ ብዬ ነው።" ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ እናቷን ለማጽናናት ይመስለኛል፣ ጨመረች፦ "አይለቅም።"

እጄን ከደረቴ አውርጄ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ልጄ እኔን አየች፣ ልጇን አየች፣ ሳፋውን አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ኮምቦልቻ ያለችው ጎረቤቷ ጋ ደወለች።

"ያልኩሽን ነገር ተይው፤ እዚሁ ትቆያለች" አለቻት። ወዲያ ማዶ ያለችው ምን እንደጠየቀች አልሰማሁም፤ የልጄን መልስ ግን ባለ ጫማው ሳይቀር ሰምቷል። "አይ፣ እሷስ ተሻላት። አባቴን የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋ ነው።"

ልጄ በማግስቱ ጥጉ የጎደለ ሻሿን አስራ ወደ ሠርጉ ሄደች። እኔ ሰኞ ጠዋት የልጅ ልጄን እጅ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ዳገቱን ትቼ በመናኸሪያው በኩል በወያላዎቹ መሐል አለፍኩ። በመንገድ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ ታሪኩን ነገርኩ። እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረችውን አምስት አድርጌዋለሁ፤ ያንን የአይጥ ነገርም ዘልዬዋለሁ። ግን ለአንዱም አልማልኩም።