ጋሼ ልሙጥ በገዛ ወንበሩ የወደቀ ሰሞን

የእናቴ ታናሽ ወንድም አናጺ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ያልፈተገው እንጨት ከእጁ ስለማይወጣ ሠፈሩ «ልሙጥ» ይለው ነበር። ራሰ በራ ነበርና «ይህንንም የፈተግሁት እኔው ነኝ» እያለ በራሱ ይቀልዳል። ሥራውን ይወዳል፤ ሲመሰገንለት ደግሞ ይብስበታል። በእንግድነት የሄደበት ቤት የሠራው ወንበር ካለ፣ ባለቤቶቹ ነገሩን እስኪያነሡለት ድረስ መደገፊያውን ሲዳብስ ያመሻል።

አንድ ቀን አምፖል ሊቀይር ከሠራቸው ወንበሮች ባንዱ ላይ ወጣ። የወንበሩ እግር ተነቀለ፤ የእሱም ቁርጭምጭሚት ተሰበረ። በጀሶ አሽገው አልጋ ላይ አጋደሙት።

«ሌላውን ሰው ጠላት ይጥለዋል፤ እኔ ጠላት ባጣ መውደቂያዬን ራሴ ሠራሁ» አለን ገና ስንገባ።

እናቴ አልሳቀችም። «እግዚአብሔር የሚያደርገውን ያውቃል። ያለ ምክንያት አልጣለህም» አለችው።

ከሥራ ቦታው ጋር ግድግዳ የሚጋራው በያጅ ጓደኛው ከእግርጌው ተቀምጦ ነበር። «እትዬ፣ እግዚአብሔር እጅ ሰጠው፣ ዓይን ሰጠው፣ ኮላው እስኪደርቅ የሚጠብቅበት ጊዜ ሰጠው» አለ። «ከዚህ በላይ ምን ያድርግለት? ወርዶ ወንበሩን ይያዝለት?»

ነገሩ ለአጎቴ ቀልድ አልነበረም። ጥፋቱ የኮላው ከሆነ የአናጺነት ስሙ አለቀለት፤ የእግዚአብሔር ዓላማ ከሆነ ግን ወንበሩ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ከሠርግና ከቀብር በቀር የጸሎት ቤት ደጃፍ የማይረግጠው ሰውዬ በአንድ ጀምበር መንፈሳዊ ሆነ።

እኔም አገዝሁት። ያን ጊዜ የማታ የሃይማኖት ትምህርት እከታተል ነበርና ዕውቀቴን የማፈስበት መከረኛ አጥቼ ነበር። ከትራሱ አጠገብ ቆሜ መከራ ሁሉ የጥፋት ዋጋ እንዳልሆነ፣ የሰው ልጅ የሚያየው ጥቂቱን ብቻ እንደሆነ አብራራሁ። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ሕመሙን ያስረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ እንደነገረኝ ግን እንቅልፍ እያዳፋው ነበር።

«አንተ፣ እጅህ ይባረክ ሲሉህ ዝም ብለህ ትቀበል የለም እንዴ?» ሲል በያጁ ቀሰቀሰው። «ሲያምር ያንተ፣ ሲሰበር የእግዚአብሔር?»

«አንተ የምታውቀው ብረት ነው» አለው አጎቴ።

በዚህ መካከል ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አዋላጅ በትራቸውን ይዘው ገቡ። ከተሰበረው ጋር አብረው የተሠሩትን አራቱን ወንበሮች የገዙት እሳቸው ነበሩ።

«መውደቅህን ስሰማ ለራሴም ደንግጬ ነበር» አሉ። «እበር ላይ ሆኜ የምትሉትን ስሰማ ግን ልቤ ዐረፈ። እሱ ካላለ እኔም አልወድቅ። እንደ ወትሮዬ እቀመጥባቸዋለሁ።»

ክርክሩ በእኛ አሸናፊነት አበቃ። እኔ በትምህርቴ ፍሬ ኮራሁ። አጎቴ ግን የአሮጊቷን ቀጫጭን እግሮች ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ አይቀመጡባቸው።»

«ምነው ልጄ?»

«እግዚአብሔርን ከዚህ ነገር እናውጣው። ያን ሰሞን ዝናብ ነበር፤ ኮላው አልደርቅ ሲለኝ ቸኩዬ ወንበሩን አጣብቆ ከሚይዘው ሞርሳ ፈታሁት። አምስቱንም።»

በያጁ ጣራ ጣራ ያይ ጀመር። እናቴ ግን «ይኸው፣ ይህን እንድትናገር ይሆናላ የጣለህ» አለች።

«እህቴ፣ ለዚህስ ከሆነ በሕልም ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

እኔና በያጁ ወንበሮቹን ልናመጣ ሄድን። ሁለት ሁለቱን ራሳችን ላይ ደፍተን ስንመለስ ያየን ሁሉ «ወንበሮቹ ምን ሆነው ነው?» ይለናል። በያጁ መንገዱን ሙሉ «እንግዲህ የረታሁት እኔ ነኝ፤ ተሸካሚውም እኔ» ሲል አጉረመረመ።

አጎቴ ትራስ ተደግፎ የመጀመሪያውን ወንበር ተቀበለና እግሮቹን አንድ ባንድ ወዘወዘ። ጠነከሩበት። የሁለተኛውም እንዲሁ። ፊቱ ትንሽ ፈካ፤ «በከንቱ ራሴን አዋረድሁ ልበል?» አለ።

የሦስተኛው እግር ያለ ብዙ ትግል እጁ ላይ ቀረ።

ማንንም ሳያይ ብርድ ልብሱ ላይ አጋደመው። ቤቱ በወንበር ተሞልቶ ሁላችንም ቆመናል፤ አዋላጇ በሩን ተደግፈዋል።

«አራተኛውን አቀብለኝ» አለኝ።