ተናኘን ለወረዳው የሰጠናት ጊዜ

ተናኘ የወረዳ ምክር ቤት የገባችው ሰፈሩ ወዷት አይደለም። ሰፈሩ ሊገላገላት ፈልጎ ነው። ዛሬ ብትጠይቁ ሁሉም ይክዳል።

ከ18 ማዞሪያ ዝቅ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ የእድራችን ቆርቆሮ ቤት ነበረች። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሰው ሲሞትበት ከዚያች ቤት ነው የሚያወጣው። ቁልፉ ተናኘ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ሞተ ሲባል ለቀስተኛው ሳይሰበሰብ ድንኳኑ ተተክሎ ይገኛል፤ ይህን ማንም አይነፍጋትም። ችግሩ ዕቃው ሲመለስ ነው። ጥላሸት የቀረበት ድስት አትቀበልም። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ይገዙ እናታቸውን ቀብረው ገና በሦስተኛው ቀን፣ እንግዳ ፊት፣ ድስቱን በራፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነን እኮ» አሏት።

«ሐዘኑ የእርስዎ ነው ጋሽ ይገዙ፤ ድስቱ የሁላችን ነው።»

ከወረዳው ሰዎች መጥተው፣ አዳራሽ ሰብስበውን፣ ለምክር ቤት የምትወዳደር ጠንካራ ሴት ጠቁሙን ሲሉ፣ ጋሽ ይገዙ ንግግራቸውን እንኳ አላስጨረሷቸውም። ተነሥተው፣ «ከተናኘ ወዲያ ጠንካራ ከየት ይመጣል? ለእኛ ብቻ ማስቀረት ንፉግነት ነው፤ ለወረዳው ትሁን» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ተናኘ በነጠላዋ ጫፍ ዕንባዋን ጠረገች። አጠገቤ የነበረችው አልፊያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አላህ ወረዳውን ይርዳው» አለች።

ተናኘ ስትመረጥ ቁልፉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በዓመቱ ጭልፋዎቹ እየጎደሉ ሄዱ፣ ድንኳኑም አይጥ በላው። እኛ ግን ደስ ብሎናል፤ ተቆጪ የለብንም።

ተናኘ መጀመሪያ ላይ ምክር ቤት ውስጥም ተናኘ ነበረች። ባለፈው ስብሰባ ይሠራል የተባለው የውሃ ቦኖ የት ደረሰ ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ሲበዛ ሥልጠና ላኳት። ከሥልጠና መልስ ጥቂት ለዘብ አለች። ደግመው ላኳት። በሦስተኛው ዓመት የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነች፤ በመጪው ምርጫ ለክፍለ ከተማ ትታጫለሽ ተባለች። ያን ጊዜ ለቅሶ ቤት መጥታ ባል የሞተባትን ሴት፣ «ከዚህ አንፃር ሁላችንም ከጎንሽ ነን» ብላ አጽናናቻት። አልፊያ፣ «ይቺ ሴትዮ ዜና ማንበብ ጀመረች እንዴ?» አለችኝ። ሚኒባስ የሚነዳው ባሏ ሀብተማርያም ግን ኮራ። ተሳፋሪ ሲጨቀጭቀው፣ «ቤቴ ባለሥልጣን አለች፤ እዚያ ክሰሱኝ» ይላል።

ከዚያ የመንገድ ማስፋት ዕቅድ መጣ። የእድራችን ቤት መስመሩ ላይ ነች።

ጋሽ ይገዙ ተናኘ ቤት ሄዱ። ብዙዎቻችን ተከትለናቸዋል። «አንቺን የላክንሽ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው» አሏት።

«ለዚህ ነበር እንዴ?» አለች።

በሳምንቱ እድሩን ሰብስባ የሰማችውን ነገረችን። ዕቅዱ አይቀርም። በሙሉ ድምፅ ካለፈ ምትክ ቦታ ይታያል ተብሏል። የሚቃወም አባል ግን ክፍለ ከተማን ይርሳ።

«እንግዲያ እጅሽን አውጪና ደግፊ» አሉ ጋሽ ይገዙ። «አንቺም ታድጊያለሽ፣ እኛም ቦታ እናገኛለን። ማን ይጎዳል?»

«ቦታው የት ነው?» አለች አልፊያ።

«ይታያል ተብሏል እኮ፣ አልፊያ።»

«ማን ነው የሚያየው?»

አልፊያን ዝም አሰኟት። ተናኘ ሁሉንም አዳምጣ፣ «እሺ» አለች። ተረጋግተን ወደየቤታችን ገባን።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ የሆነውን አብሯት የነበረ አባል ነው የነገረን። አፈ ጉባኤው የሚደግፉ ሲሉ የሁሉም እጅ ወጣ፤ የእሷ ጭኗ ላይ ቀረ። የሚቃወሙ ሲሉ አንድ እጅ ወጣ። አፈ ጉባኤው ዘግይታ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ወይዘሮ ተናኘ፣ ድጋፉ እኮ አለፈ።»

«አውቃለሁ።»

«ድምፀ ተአቅቦ ብለን እንያዘው?»

«ምትክ ቦታው የት እንደሆነ ይነገረኝና እጄን አወርዳለሁ።»

እጇን ሳታወርድ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ።

ዕቅዱ ያለ እሷ ድምፅ አለፈ፤ የክፍለ ከተማው ነገርም በዚያው ቀረ። የሰፈሩ ቁጣ ግን በወረዳው ላይ ሳይሆን በእሷ ላይ ሆነ። በእሷ አንድ እጅ ምክንያት ቦታ አጣን ተባለ። ከማዶ ያለው እድር ተወካይ እጁን አውጥቶ ደግፎ ነበር። የእነሱም ቤት ፈረሰ፤ ምትኩ እስካሁን እየታየ ነው። ይህን ለጋሽ ይገዙ ብነግራቸው፣ «የእነሱ ሌላ ነው» አሉኝ።

የእድራችን ቤት የፈረሰች ዕለት ዕቃው ሁሉ መንገድ ላይ ወጣ። ዝናብ ሊመጣ ነው። ድስቱ የት ይግባ ሲባል የሁላችንም ቤት በአንዴ ጠበበ። ጋሽ ይገዙ ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ለጋራዥ አከራይቼዋለሁ አሉ። ተናኘ ማንንም ሳትለምን አንዱን ድስት አንሥታ ወደ ቤቷ መሄድ ጀመረች። አልፊያ ሁለተኛውን አነሣች። ሌሎቻችንም ተከተልን፤ ባዶ እጅ መቆም አስቸጋሪ ነበር።

አሁን ድስቶቹ አልጋዋ ሥር ናቸው። አግዳሚዎቹ ግቢዋን ሞልተውታል፤ ሀብተማርያም የተጠቀለለ ድንኳን ላይ ተቀምጦ ነው እራቱን የሚበላው። የድንኳኑ ቋሚዎች በር ሊያስገባቸው ስላልቻለ በመስኮት ነው የገቡት። ሰው ሲሞት ጋሽ ይገዙ ራሳቸው መስኮቱ ሥር ይቆሙና ይጠራሉ፤ እሷ ከውስጥ ታቀብላለች፣ ስንት እንደወጣም ጮክ ብላ ትናገራለች።

ሀብተማርያም መጀመሪያ ላይ በየለቅሶው የመስኮቱን መዝጊያ እየነቀለ መልሶ ይገጥም ነበር። አሁን ክፍቱን ትቶታል። ብርድ አይገባችሁም ወይ ስለው፣ «ይገባል» አለኝ። «ግን ስገጥመው ሰው ይሞታል።»