ዳገት ላይ የማይለምን መኪና

እንጅባራ ውስጥ በአንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ የተግባር አስተማሪ ነበርኩ። ካስተማርኳቸው ሰዎች ሁሉ አንዲት የከሰል ነጋዴ ከልቤ አይወጡም። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ገበያ ውስጥም ሆነ ቢሮ ውስጥ ድምፃቸውን የማይቀንሱ ሴት ነበሩ። የሚኖሩት አዲስ ቅዳም ነው። ጊዜው በዚያ አካባቢ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ በምንለው ቶሎ በሚያድግ ግራር እየሸፈነ ከሰል የሚያከስልበት ነበር። እሳቸውም ከሰሉን ከየገጠሩ እየሰበሰቡ በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ የማታ ትምህርታቸውንም ተምረው ነው ወደኛ የመጡት።

የመጀመሪያው ቀን መሪው ፊት እንደተቀመጡ፣ ቁልፉን እንኳ ሳያዞሩ፣ «ይሄ መኪና ስንት ይሮጣል?» አሉኝ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ማቆሙን እንማር፤ መሮጡ ይደርሳል» አልኳቸው።

«ማቆሙንማ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ» ብለው ሳቁ።

ሁለት ጊዜ ፈተና ወደቁ። ሁለቱንም ጊዜ የጣላቸው ወደ ኋላ መንዳት ነበር። «ወደ ኋላ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» እያሉ ይበሳጩ ነበር። በሦስተኛው አለፉ። መንጃ ፈቃዱን በተቀበሉ በሳምንቱ ማሠልጠኛው በር ላይ ጠበቁኝና፣ «መኪና ልገዛ ነው፤ አንተ ትመርጥልኛለህ» አሉኝ። እባክህ አላሉም። የተቆረጠ ነገር ነበር።

የትልቁን ልጃቸውን ሐሳብ ከራሳቸው ሰምቼ አስቀድሜ አውቅ ነበር። ባሕር ዳር መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ ነው፤ እናቱ ሚኒባስ ወይም የጭነት መኪና እንዲገዙ ይፈልጋል። እኔም ከሱ ጋር ስለተስማማሁ፣ «የሚሠራ መኪና አይሻልም? ከሰሉንም ይጭንልዎታል» አልኳቸው።

«ከሰል የሚጭንማ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው አውቶሞቢል ነው። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ብቻ ጉልበት ይኑረው። ዳገት ላይ የማይለምን።»

ከዚያ ምክንያታቸውን ነገሩኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰል በተጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ እየተቀመጡ ያንን መንገድ ተመላልሰዋል። በተለይ ከቡሬ ወደ ጥሊሊ የሚወጣውን ዳገት ሹፌሩ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣው፣ እሳቸውም በልባቸው አብረው ይገፉ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ መኪናው ቡሬ ላይ ተበላሸ። አንድ የማያውቁት ሰው በአውቶሞቢል ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ አሳፈራቸው።

«ዳገቱን እየጠበቅሁ ሳለሁ ዳገቱ አለቀ» አሉኝ። «ጥሊሊ ገብተናል አለኝ ሰውዬው። መቼ ወጣነው? ብዬ ዞሬ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ መኪና አላሰብኩም።»

እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ያየነው እዚያው እንጅባራ የነበረ ትንሽ ነጭ አውቶሞቢል ነው። የአንድ መምህር ነበር፤ ንጹሕ፣ ነዳጅ የማይበላ፣ መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ። ለእኔ ቢሆን ያኔውኑ እይዘው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለች አቀበት ላይ ራሳቸው ነዱት። ሦስተኛ ማርሽ ላይ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ወደ ሁለተኛ መለሱት፤ አሁንም ነዳጅ ረገጡ፤ እንደገና ዳተኛ ሆነባቸው። ቁልፉን ለመምህሩ እየመለሱ፣ «መልካም መኪና ነው። ግን ይለምናል» አሉት። መምህሩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

ሁለተኛው ዳንግላ ነበር፤ ደላላ ነው የነገረን። ጥቁር፣ ዝቅ ያለ፣ ቸርኬው የሚያብለጨልጭ፣ ሞተሩ ሲነሳ የጭስ ማውጫው ድምፅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ። የኮንስትራክሽን ሥራ የሚሠራ ወጣት ነው ባለቤቱ። ሴትዮዋ ገና ሲያዩት ዓይናቸው በራ። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን ጠረጉለት። እኔ ግን አንዱ በር ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ክፍተቱ ሰፋ ማለቱን አየሁ። የመስኮቱ ጎማ ላይ የቀለም ፍንጣቂ ነበረ። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍቼ ምንጣፉን ስገልጥ፣ ላሜራው ከዳር እስከ ዳር በብየዳ ተገጥሟል። ክፉኛ ተጋጭቶ ከወገቡ የተቀጠለ መኪና ነበር።

እጄን ከብየዳው ላይ ማንሳት አቃተኝ። ላብ በላብ ሆንኩ።

ሴትዮዋን ወደ ጎን ጠርቼ ያየሁትን ነገርኳቸው። ወጣቱ ሰምቶ ኖሮ ተቆጣ፤ «አንተ መካኒክ ነህ ወይስ ሾፌር?» ብሎ ጮኸብኝ። እሳቸው ግን መኪናውን ትተው እኔን ነበር የሚያዩት። ክንዴን ይዘው ከግቢው አወጡኝ፤ ከመንገዱ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አስቀመጡኝ።

«ምን ሆነሃል?»

ለማንም ተማሪ ነግሬ የማላውቀውን ነገርኳቸው። አስተማሪ ከመሆኔ በፊት የሚኒባስ ሹፌር ነበርኩ። ከባሕር ዳር ስመለስ፣ ዱርቤቴን እንዳለፍኩ፣ ዝናብ ገና እንዳባራ፣ አንድ ጋሪ ለመቅደም ብዬ ነዳጅ ረገጥኩ። ሚኒባሱ ተንሸራትቶ ከመንገድ ወጣና በጎኑ ተኛ። ሰው አልሞተም። ግን አንዲት ተማሪ ክንዷ ተሰበረ፤ እሷ ስታለቅስ እኔ ቀበቶዬን መፍታት አቅቶኝ ተንጠልጥዬ ስሰማት ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ በማሠልጠኛው መኪና ከከተማ ወጥቼ፣ ከሦስተኛ ማርሽ አልፌ አላውቅም። ባሕር ዳር ለመሄድ እንኳ ተሳፋሪ ሆኜ ከኋላ ወንበር ነው የምቀመጠው።

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ስለዚህ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኳቸው። «ፈጣን መኪና ለመምረጥ የሚሆን ሰው አይደለሁም።»

«የለም» አሉ። «የሚሮጠውንማ እኔም አውቄ እመርጣለሁ። ፍሬኑን ደህና አድርጎ የሚያይልኝ ሰው ነው የቸገረኝ።»

ሦስተኛው መኪና የተገኘው እዚያው ሻይ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቷ ስናወራ ሰምታ፣ ከጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በላይ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የጤና ባለሙያ መኪና እንደሚሸጡ ነገረችን። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ወዲያው በባጃጅ ሄድን።

ጡረተኛው አጭር፣ መነጽር ያደረጉ፣ በዝግታ የሚናገሩ ሰው ናቸው። መኪናው በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በአቡጀዴ ተሸፍኖ ቆሟል። ሲገልጡት ግራጫ ነው፤ ቀለሙ ጣሪያው ላይ ደብዝዟል፤ የሚያብለጨልጭ ነገር የለውም። ጀርመን ሠራሽ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ውጭ አገር የሚኖር ወንድማቸው ለቅቆላቸው የሄደ። ሴትዮዋ ፊታቸው ቀዘቀዘ። ጥቁሩ መኪና ገና ከዓይናቸው አልጠፋም።

እኔ ኮፈኑን ስከፍት ግን ሌላ ነገር አየሁ። ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታ የለም፤ አንድም ብሎን ራሱ የተላጠ የለም። ሽማግሌው ከቤት አንድ ካርቶን ይዘው መጡ። ባለፉት ዓመታት የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልለው አስቀምጠዋል፦ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የተሰነጠቀ የሞተር ቺንጊያ።

«ይሄን ምን ያደርጉታል?» አሉ ሴትዮዋ ተገርመው።

«ቀየርኩ ብዬ ብነግርሽ በምን ታምኚኛለሽ? ይኸው ነው ምስክሩ» አሏቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ይሄ መኪና ኃይለኛ ነው። ምን ልታደርጊበት ነው?»

ሴትዮዋ የቡሬን ዳገት ታሪክ እንደገና ነገሯቸው። ሽማግሌው ሲያዳምጡ ቆዩና ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን የሰሙት ሚስታቸው በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

«የሚሸጠው በኔ ምክንያት ነው» አሉ ሚስትየዋ። «ጉልበቴ ታሟል። ዝቅ ያለ ስለሆነ ገብቼ መውጣት ተሳነኝ። እሱማ ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው፤ ስንቱን ገዢ መለሰ መሰለሽ!»

እነሱ ጴንጤ ሆነው ረቡዕን ባይጾሙም፣ ለኛ የጾም ቀን መሆኑን ሳንነግራቸው አውቀው ወተት የሌለው ሻይና ዳቦ አቀረቡልን። ከዚያ ሽማግሌው ቁልፉን አነሡና ለእኔ ዘረጉት።

«እትዬ ይንዱት» አልኩ።

«አንተ ቅደም» አሉኝ ሴትዮዋ። «ፍሬኑን አይተህ ነው እኔ የምነካው።»

እሳቸው ከጎኔ፣ ሽማግሌው ከኋላ ተቀመጡ። ከዳንግላ ወጥተን በአዲስ ቅዳም አቅጣጫ ሄድን። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ገና የተቀመጠ ሰው ይመስል ጸጥ ብሏል። መንገዱ ቀጥ ያለበት ቦታ ደረስን። ግራና ቀኙ የተጋጠ መስክና የታረሰ ማሳ፣ ከፊታችን ማንም የለም። እጄ ማርሹ ላይ ቀረ።

ሴትዮዋ አላዋከቡኝም። በመስኮት እያዩ፣ «ይሄ የአክስቴ ልጅ ማሳ ነው፤ ዘንድሮ ድንች ዘርቶበታል» አሉ። አራተኛ አስገባሁ። ትንሽ ቆይቼ አምስተኛ። መኪናው አስፋልቱን ይዞ ዝቅ አለ እንጂ አልተወዛወዘም። ከዚያ በመስተዋት ከኋላ መኪና አለመኖሩን አየሁና፣ «ያዙ!» ብዬ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩ።

መሪውን ለቀቅ አድርጌ ያዝኩት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል፣ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደገምኩት፤ አሁንም ቀጥ አለ። በሦስተኛው ሽማግሌው ከኋላ፣ «ወንድሜ፣ ሸራውን ልትጨርስልኝ ነው» ሲሉ ነው ሳቄ የመጣው። ከዚያ አደጋ ወዲህ መሪ ይዤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቦታ ተቀያየርን። ሴትዮዋ ወንበሩን ወደፊት ሳቡት፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ቋጠሩት፣ ፍሬቻ አሳዩ፣ ወጡ። አንዲት አቀበት ስንጀምር ነዳጁን ትንሽ ጨመሩ። ሞተሩ ድምፁን ወፈር አደረገና ወሰደን። አቀበቷ ስታልቅ በአዊኛ አንድ ነገር ለራሳቸው ተናገሩ። እኔ አዊኛ ጥቂት ነው የምሰማው፤ «ምን አሉ?» ስላቸው፣ «ለሟቹ ባሌ ነው የነገርኩት፤ አንተን አይመለከትም» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

በዋጋው ብዙ አልተከራከሩም። ሽማግሌው ሊብሬውን ሲያስረክቡ ካርቶኑንም አብረው ሰጡ።

ልጃቸውን የደወሉለት ከዚያው ግቢ ነው። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ጮኸው ነበር የሚያወሩት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ልጁ መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ስንት ሲሊንደር እንደሆነ ጠየቀ። ቅዳሜ ዕለት ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ሲቀብር ዋለ፤ ማታ ላይ፣ «እማ፣ እስቲ አንዴ ልሞክራት» ቢል፣ «በመጀመሪያ መንጃ ፈቃድህን አምጣ» አሉት። አልነበረውም። በሚቀጥለው ክረምት የኔ ተማሪ ሆነ፤ እሱን ወደ ኋላ መንዳት አልከበደውም።

መኪናው ችግር አልነበረውም አልልም። ክረምት ሲገባ ወደ ገጠሩ የሚወስደው ጭቃ ሆዱን ስለሚነካው፣ አስፋልት ዳር ካለ ዘመድ ግቢ አቁመው ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው በእግር ይገቡ ነበር። አንድ ጊዜ የውኃ ፓምፑ ተበላሽቶ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ቆመ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ተጸጸትኩ ሲሉ አልሰማሁም። ብዙውን ጊዜ የሚነዱትም በልክ ነው። ወር ገባ ሲል ብቻ ያለ ምንም ጉዳይ እስከ ቡሬ ወርደው፣ አንድ ሻይ ጠጥተው፣ ያንን ዳገት ወጥተው ይመለሳሉ።

እኔም በተከታዩ መስከረም ላይ ከአንድ ጓደኛዬ መኪና ተውሼ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ባሕር ዳር ወሰድኩ። ዱርቤቴ አካባቢ ስንደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ግን አልቆምኩም። ባለቤቴ ታሪኩን ስለምታውቅ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ልጆቹ ከኋላ ይጣሉ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ከዚያ የተከተለው ነው። ሴትዮዋ በገበያ ቀን ግራጫዋን መኪና ይዘው በጥሊሊና በግምጃ ቤት ከተሞች መታየት ሲጀምሩ፣ ማሠልጠኛው ውስጥ የሴቶች ምዝገባ ጨመረ። አንዷ ድንች የምትነግድ፣ አንዷ የልብስ ሱቅ ያላት፣ አንዷ ደግሞ ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ነርሷ ከግምጃ ቤት በማለዳው ሚኒባስ እየመጣች ከሁሉም ቀድማ በሩ ላይ ትቆማለች። ደብተሯ ውስጥ የመንገድ ምልክቶቹን ሁሉ በባለቀለም እርሳስ ሥላ ነበር፤ ፈተናውን በመጀመሪያው አለፈች።