የሸማኔው ጉድጓድና ነጯ ፒካፕ

እህቴን ለልጃቸው ሊጠይቁ ያሰቡት ሰውዬ ከሽማግሌዎቹ አስቀድመው አንድ ቃል ላኩብን። የሸማኔው ጉድጓድ ይደፈን፤ ሽማግሌ በሚገባበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይታይ። መልእክቱን ያደረሰችን ጎረቤታችን ናት። ደጃፍ ላይ ቆማ ተናገረች፤ አባቴ ግቢና ተቀመጪ ቢሏት "እሳት ላይ የጣድኩት አለ" ብላ ሄደች። ይህች ሴት በዚህ ሁሉ ዓመት ቤታችን ስትመጣ እሳት ላይ ያልጣደችበትን ቀን አላስታውስም።

ደብረ ታቦር ያለው ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ተቆፍሯል። አባቴ አፋፉ ላይ ይቀመጡና እግራቸውን ወደ ታች ይሰዳሉ። በእግራቸው መርገጫውን እያፈራረቁ፣ በእጃቸው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያሳልፋሉ። ድሩ ከፊታቸው ተወጥሮ እስከ ጓዳው በር ይደርሳል፤ እኔና እህቴ ከልጅነታችን ጀምሮ ከሥሩ ጎንበስ ብለን ማለፍ ለምደናል። ጉድጓዱን የቆፈሩት የአባቴ አባት ናቸው። ከተማው እሳቸውንም አባቴንም "ቁጢት በጣሽ" ሲል ኖሯል፤ የሸማኔ ስድብ ነው። በዓል ሲቃረብ ግን ነጠላ የት ቤት እንደሚታዘዝ ሁሉም ያውቃል።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ስፈትልና ማግ ስጠቀልል ነበር። አንደኛ ክፍል ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን እቀመጥ ነበር። ልጆቹ "እትዬ" ይሉኛል፤ አንድ ቀን መምህሩም ተሳስቶ "እትዬ፣ አንብቢ" አለኝ። አነበብኩ። እንደ ምንም አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ አሁን የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሰው ዘግይቶ የተማረውን ነገር ዝም ብሎ አያልፈውም። የተሳሳተ ፊደል ካየሁ እንቅልፍ የለኝም።

የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት የሚያየው ጎማ ቤቱን ነው። ባለመኪኖቹ ጎማቸው እስኪለጠፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩት ሁሉ ጠረጴዛዬ ድረስ ይመጣል። ከሁሉም አብልጠው የሚያወሩት እኒያው የእህቴን እጅ የፈለጉት ሰውዬ ናቸው። ነጭ ፒካፕ አለቻቸው፤ የጃፓን።

"አንድ ቀን አላሳፈረችኝም" ይላሉ። "ጉና ተራራ ሥር ጭቃው በሯን ሲነካ እንኳ፣ ረገጥ ሳደርጋት ወጣች። ዘይቷን በጊዜው ለውጥላት፤ ሌላ ምንም አትጠይቅህም።"

"ባዶዋን ስትሄድ ግን ወገብ ትሰብራለች" ይላቸዋል አንዱ የሚኒባስ ባለቤት።

"ማን ባዶዋን ንዳት አለህ? ጫንባት፤ አልጋ ትሆንልሃለች።"

"አሁን የሚመጡት እንደ ድሮዎቹ አይደሉም። ቆርቆሯቸው ሳስቷል።"

"የሳሳው ያንተ ኪስ ነው። ዕቃዋን አንበሳሜን በምታህል ትንሽ ከተማ እንኳ ሱቅ ገብተህ ከስኳሩ ጎን ታገኘዋለህ። የሌላውን አገር መኪና ዕቃ እስቲ ፈልግ፤ ልጅህ አግብቶ ይወልዳል።"

ያቺን መኪና ሲገዟት ቄስ ጠርተው ጠበል አስረጭተዋታል። ከዚያም አንድ ቀን በጓሮ በኩል ወደ እኛ ቤት መጡ። የፋብሪካው የመቀመጫ ልብስ በበጋ ያቃጥላል፤ እንደ ጋቢ ወፍራም የሆነ፣ ጥበብ ያለው የጥጥ ልብስ ይሠራላቸው። የወንበሮቹን ልክ በስንዝራቸው ነገሩን። አባቴ "ይግቡ" ቢሏቸው "እዚሁ ነፋሻ ነው" አሉ። ልብሱ አልቆ ሲወስዱትም እዚያው ጓሮ ቆመው ነበር።

የእሳቸው ልጅና እህቴ የተዋወቁት አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። እህቴ ሰባት ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ሻንጣዎቿን በፒካፗ ያደረሰላት እሱ ነበር። ደጃችን ላይ ሲያወርድላት የሸማኔ ልጅ መሆኗን አየ፤ አየና በማግሥቱም መጣ። ልጁን እወደዋለሁ፤ ይህን ልጻፈው፣ ኋላ የምለው እንዳይሸፍነው።

መልእክቱ በመጣ በሳምንቱ ነው መጽሐፉን ያገኘሁት። ከውጭ አገር በካርቶን ተጭነው ከሚላኩልን መጻሕፍት መካከል ነበር፤ ወፍራም፣ እንግሊዝኛ፣ ሽፋኑ ላይ መኪና። ስለ ሰውዬው ፒካፕ ፋብሪካ ነበር። መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ መኪና የለም፤ መሸመኛ ነው ያለው። ቃሉ ያልገባኝ መስሎኝ መዝገበ ቃላቱን ሁለት ጊዜ ገለጥኩ። ሥዕሉን ሳይ ነው ያመንኩት፤ የእንጨት መሸመኛ፣ ድሩ የተወጠረ።

ከሥራ እንደወጣሁ ለአባቴ ነገርኳቸው።

"አባዬ፣ ያቺ ነጭ መኪና የሸማኔ ናት።"

"የማን?"

"የሸማኔ። ፋብሪካውን የመሠረተው ሰው መሸመኛ ሠሪ ነው። የአናጢ ልጅ፤ የሰፈሩ ሴቶች በእጃቸው ሲሸምኑ እያየ ያደገ።"

"ሴቶች ይሸምናሉ?"

"እዚያ አገር ይሸምናሉ።"

"እሺ፣ ቀጥይ።"

"ኋላ ፈትል ሲበጠስ ራሱ የሚቆም መሸመኛ ሠራ።"

አባቴ መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "መበጠሱን እንዴት አወቀ?"

"በየድሩ ላይ ስስ ብረት ተንጠልጥሏል ይላል። ፈትሉ ሲበጠስ ብረቱ ይወድቃል፤ ያኔ ሁሉም ቀጥ ይላል።"

ድሩን በጣታቸው ነካ አደረጉ። "ደግ አድርጓል። እያየ የሚያልፍ ሸማኔ ሌባ ነው። ከዚያስ?"

"ልጁ በዚያው በመሸመኛው ፋብሪካ ጥግ መኪና መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪኖች መንገድ ላይ እየቆሙ አዋርደውታል። በኋላ ግን የአባቱን ደንብ ለመኪናውም አዋሉት። ስሕተት ያየ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፤ ሥራው ይቆማል።"

"ማንም ሠራተኛ?"

"ማንም።"

"አለቃው አይቆጣም?"

"አይቆጣም ይላል።"

"እሱን እንኳ ያለው መጽሐፍ ስለሆነ ነው" አሉና እየሳቁ መወርወሪያውን አነሡ።

ሲስቁ ስላየሁ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ከጓሮ ቀይ አፈር በጆንያ ሞልተው አስገቡና ከጉድጓዱ አጠገብ ደረደሩት። "የያዝኩትን ጋቢ እጨርሳለሁ፣ ረቡዕ ይወርዳል፤ ከዚያ እደፍነዋለሁ" አሉ፤ እሺታቸውንም በጎረቤታችን በኩል ላኩ። የተዘረጋ ድር መሐሉ ላይ አይቆረጥም። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ መኪናዋ ሥራ አለባት ተብሎ ቀኑ ለእሷ ተመቻችቷል።

"ለምን ይደፍኑታል?" አልኩ።

"የልጄ ትዳር ከጉድጓድ ይበልጣል።"

እህቴ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ወጥታ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ዘጋችው።

"ጉድጓድ ነው" አለች። "ጉድጓድ ይደፈናል። እኔ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ወለል ያጠብኩት ይህን ጣራ ቆርቆሮ ለማልበስ ነው። አንድ ነገር ለራሴ ብፈልግ በጃፓን ታሪክ ታስቀሪኛለሽ?"

"ዛሬ ጉድጓዱን ካስደፈኑ ነገ አባታችንን ከሠርግሽ ያስቀራሉ።"

"አንቺ መጽሐፍ አለሽ። እኔ ምን አለኝ?"

መጽሐፉን እጄ ላይ መልሳ አኖረችና ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ እጽፈዋለሁ። ለአባቴ ማጉን መወርወሪያው ውስጥ በሚገባው መቃ ላይ የምጠቀልለው እኔ ነኝ። ከቅርጫቱ ሥር፣ ጣራችን ሣር ሳለ ክረምት ያረጠበው አሮጌ ፈትል ነበር። ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ሲስቡት ይበጠሳል። እሱን ጠቀለልኩ። እኔ፣ አንድ ፊደል ተዛንፎ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት፣ እያወቅሁ የበሰበሰ ፈትል ለአባቴ ሰጠሁ።

ማክሰኞ ፈትሉ ይበጠስ ጀመር። አባቴ ይቆማሉ፣ ጫፉን ይፈልጋሉ፣ ያያይዛሉ፣ ይቀጥላሉ። ሦስት ጊዜ ወርውረው እንደገና ይቆማሉ። ቢያልፉት ማን ያያል? ጋቢ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይደረባል። አላለፉትም።

"ይህ ፈትል ያንቺ እጅ አይደለም" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"የኔ ነው።"

"እንግዲያው እጅሽ ታሟል።"

ሌላ ፈትል አምጪ አላሉኝም። ቅርጫቱ በክንዳቸው ርቀት ነበር፤ ራሳቸው መምረጥ ይችሉ ነበር። ያንኑ ያያይዛሉ። ረቡዕ ሲመሽ ጋቢው ገና ወገቡ ላይ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። የልጁ አባት አመጧቸውና እሳቸው ደጅ መኪናቸው ውስጥ ቀሩ። እንደ ደንቡ ሽማግሌዎቹ "ጉዳያችን እስኪፈጸም አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። እነሱ ቆመው ቁልቁል፣ እሳቸው ተቀምጠው ሽቅብ ይተያያሉ።

መሪው ሽማግሌ በዕድሜ ከአባቴ ያንሳሉ። "ይህ ነገር ይነሣል ተብሎ አልነበረም? አንተም እሺ ብለህ ነበር" አሉ። አንተ ነው ያሉት። ሌላ ቤት፣ ለዚያ ሽበት፣ አንቱ ይሉ ነበር።

"ድሩ አላለቀም" አሉ አባቴ።

"መቼ ያልቃል?"

"ፈትሉ ይበጠሳል። እየቆምኩ ነው የምሠራው።"

"ካለቀ በኋላስ ትደፍነዋለህ?"

አባቴ ወደ አፈሩ ጆንያ አዩ፤ ከዚያ ወደኔ። ዓይኔን ልሰብር ነበር፤ አልሰበርኩም። "ካለቀ በኋላ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሌላ እዘረጋለሁ።"

ጓዳ ውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። መሪው ሽማግሌ አንዱን "ለሰውዬው ንገራቸው" ሲሏቸው እኔ ቀድሜ ወጣሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ያልተጠራሁበት ቦታ ገብቼ አላውቅም።

ሰውዬው ሞተሯን ሳያጠፉ መስኮቷን ዝቅ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ጉድጓዱ አልተደፈነም" አልኳቸው። "አይደፈንምም።"

"ይህን ያለው አባትሽ ነው ወይስ አንቺ?"

"አባቴ ሌላ ድር እዘረጋለሁ አሉ። አይደፈንም ያልኩት እኔ ነኝ።"

"እህትሽን ልታስቀሪያት ነው።"

"ጉድጓድ የሚያሳፍርዎ ከሆነ እርስዎም ከዚህች መኪና ይውረዱ። የሠራት ሸማኔ ነው።"

ሳቁ። "የሠራትማ ጃፓን ነው።"

"ጃፓን ሸማኔ የለም ያለዎት ማን ነው? መሸመኛ ሠሪ ነበር፤ ልጁ ነው መኪናውን የጀመረው። እንደማታሳፍርዎ ጎማ ቤት ቁጭ ብለው ያወራሉ። የማታሳፍርዎ ፈትል ሲበጠስ መቆም ከሚያውቅ ቤት ስለወጣች ነው።"

"መጽሐፍ ነው ይህን ያለሽ?"

"መጽሐፍ ነው። ላምጣው?"

"እንግሊዝኛ አላውቅም።" ከዚያ ብልጥ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ታዲያ ሰዎቹ ሽመናውን ትተው አይደል መኪና የሠሩት? ከተዉት እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። አባትሽም ይተወው።"

ጥያቄው ደኅና ነበር። እኔም ራሴን ጠይቄው ስለነበር ገጹን አውቀዋለሁ።

"አልተዉትም" አልኩ። "መኪናው የራሱ ፋብሪካ ሲወጣለት መሸመኛው አልተዘጋም። ዛሬም መሸመኛ ይሠራሉ። የቆፈሩትን አልደፈኑም።"

እጃቸው ሳያውቁት የመቀመጫውን ልብስ ጠርዝ ይዟል፤ አረንጓዴና ቢጫውን ጥበብ። እኔ ጠርዙን አየሁ፤ እሳቸውም እኔ የማየውን አዩ። እጃቸውን አነሡ። "ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው" አሉና ወደ ፊት ተመለከቱ።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ከሦስቱ አንደኛው ብቻ በሩ ላይ ዞረው አባቴን "ደኅና ይዋሉ" አሏቸው፤ በአንቱ። መኪናዋ አቧራዋን አስነሥታ ሄደች።

እህቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ልጁ ብቻውን መጣ፤ በእግሩ። ፊት ለፊት በር ገብቶ ከድሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈና ጓዳ ድረስ ሄዶ አነጋገራት። ከዚያ ራሱ ሌሎች ሽማግሌዎች ፈልጎ ላከ፤ እነዚህ ስለ ጉድጓዱ አንድ ቃል አልተናገሩም። አባትየው ሠርጉ ላይ ዘግይተው ደርሰው ድንኳኑ ጫፍ ተቀመጡ። አባቴ ያን ጋቢ ለልጁ ደረቡለት። ቋጠሮ የበዛበት ጋቢ ነው፤ በእጅ ሲዳስሱት ይታወቃል። የፈትሉን ነገር አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነበር፤ አባቴ ግን "እጅሽ ተሻለው?" ብለው ጠየቁኝና የሚነገር አልቀረም።

ሰውዬው አሁንም ጎማ ቤት ይቀመጣሉ። አሁንም ዘይቷንና ጉናን ያነሣሉ፤ በቅርቡ ግን አንድ ነገር ጨምረዋል። "የሠራት እኮ ሸማኔ ነው" ይላሉ፣ ራሳቸው ጃፓን ሄደው ያዩት ይመስል። በመስኮት እሰማለሁ፤ አላርማቸውም። ቤታችን ገብተው ግን እስካሁን ውሃ አልቀመሱም። እኔም ይግቡልን ብዬ አልለምንም። የቀይ አፈሩን ጆንያዎች ጓሮ ገልብጠን ጌሾ ተከልንበት። አባቴ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ትናንት አዲስ ድር ዘርግተዋል፣ እኔም ደኅናውን ፈትል እየጠቀለልኩላቸው ነው።