ከነክታቡ የለካሁት ክንድ

ሰሞኑን አሮጌውን የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ሳራግፍ የሕፃናትን ክሳት የምትለየው የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ወደቀች። ቀይ ለከሳ፣ ቢጫ ለሚያሰጋ፣ አረንጓዴ ለደህና ልጅ። ናፍቆት ይመጣብኛል ስል የዚያን ጊዜው ፍርሃት መጣብኝ።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ሶማሌ ክልል፣ ሽንሌ። ጤና ጣቢያው የሰፈር ወጣቶችን ለጤና ሥራ ሲያሠለጥን፣ አማርኛም ሶማልኛም ስለምችል እኔንም አስገቡኝ። አሠልጣኛችን ሲስተር ትዕግሥት መለኪያዋን የሰጠችኝ ዕለት ጓደኞቼ "ዶክተሯ" እያሉ ሲያሾፉብኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዚያው ከሰዓት፣ መንደሩ በአቧራና በፍየል ሽታ እንደታፈነ፣ ጎረቤታችን ኤዶ ሂቦ ቤት በረርኩ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው።

ልጇ ሊባን ዓመት አልሞላውም። ሰሞኑን ጡት አልይዝ ብሏት ጨንቋታል። ግራ ክንዱ ላይ ከዓይን እንዲጠብቀው የቆዳ ክታብ ታስሮለታል። ፍቺው ማለት ነውር መሰለኝና ከነክታቡ ለካሁት። አረንጓዴ!

"ደህና ነው ኤዶ፣ አታስቢ" አልኳት እንደ ትልቅ ሰው።

"አልሐምዱሊላህ! በቃ፣ ነገ ከከብቶቹ ጋር እንወጣለን።"

ለካ ወደ ግጦሹ ለመሄድ የእኔን ቃል ነበር የምትጠብቀው።

በማግስቱ ጠዋት ሥልጠናው ላይ ሲስተር፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "ክንዱ ላይ የታሰረ ካለ መጀመሪያ ይፈታል፤ አለዚያ የከሳው ልጅ ወፍራም ሆኖ ይታያችኋል" አለች። ልጁን የገደልኩት መሰለኝ። ሳላስፈቅድ ወጥቼ ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ። ሄደው ቢሆንስ? እዚያ በረሃ ውስጥ ማን ያየዋል?

ስደርስ ግመሉ ተጭኖ ቆሟል፤ ሊባን እናቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል።

"ተሳስቻለሁ ኤዶ፣ ክታቡን ፍቺልኝ!" ብዬ አለቀስኩ።

ባሏ ረፈደብን ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን ፊቴን አየት አድርጋ ልጁን ከጀርባዋ አወረደችና ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ለካሁ። ቀይ። ቀዩን አሳየኋት። ወደ ባሏ ዞራ፣ "ጭነቱን አውርድ" አለችው።

ሊባን ጤና ጣቢያ ሲመላለስ ከርሞ ዳነ። ዛሬ ተማሪ ነው፤ ባገኘሁት ቁጥር ክንዱን ስጨብጠው ይስቅብኛል። አሁን ነርስ ሆኜ አዳዲሶቹን ልጆች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። እነሱ ቀይ ሲያዩ ይደነግጣሉ። እኔ የምፈራው አረንጓዴውን ነው፤ ባየሁት ቁጥር ጣቴ ሳላዘው ልጁ ክንድ ላይ የክታብ ክር ይፈልጋል።