የጠና ደጅ ሣር

በሆመቾ አካባቢ ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ድንች፣ ስለ ስንዴና ስለ ዝናብ ያወራል። ጠና ግን የሚያወራው ስለ ሣር ነው። ለከብት የሚታጨደው ሣር ቢሆን ማንንም ባልገረመ፤ እሱ የሚያወራው ከቤቱ ፊት ለፊት ስለተዘረጋው፣ እንግዳ ስለሚያርፍበት፣ ሠርግም ለቅሶም ስለሚዋልበት የደጁ መስክ ነው። እርግጥ በዚያ አገር ደጁን የማይወድ ሰው የለም። እንሰቱ ከጓሮ፣ ሣሩ ከደጅ ሲሆን ነው ቤት ቤት የሚባለው። ቢሆንም የጠና በዛ። ጎረቤቱ ሽብሩ ስሙን ትቶ «የሣር አባት» እያለ ይጠራዋል፤ እሱም አቤት ይላል፣ ምን ያድርግ።

የበዛበት ምክንያት ነበረው። ያለው አንድ ልጅ ሚክያስ ነው፤ እሱም እንደ ብዙ እኩዮቹ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በስልክ ምስል እየተያዩ ሲያወሩ ልጁ ሁልጊዜ ስልኩን ወደ ደጅ አዙርልኝ ይላል። ጠና ያዞርለታል። ሚክያስ ሣሩን ያይና፣ ስመለስ የሠርጌ ዳስ የሚጣለው እዚህ ነው፣ ጠብቅልኝ ይለዋል። ጥቅምት ላይ እንዲህ ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ የልጁ ስልክ አይሠራም።

ጠና መጠበቁ ቀላል መስሎት ነበር። ድሮ ሣሩን እየጋጡ የሚያሳጥሩት፣ በፍጋቸው የሚያፋፉት ላሞቹ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ለልጁ መንገድ ተሸጠዋል። አሁን ማጭድ ይዞ በጉልበቱ እየዳኸ የሚያጭደው ራሱ ነው። ኅዳር ላይ አሳምራለሁ ብሎ እስከ ሥሩ ላጨው። ብዙም ሳይቆይ ውርጭ ወረደና ራቁቱን ያገኘውን ሣር አቃጠለው። ጠና መሀሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሚስቱ አስናቀች፣ ሣር አይደል እንዴ፣ ተመልሶ ይበቅላል ብትለው፣ ካልበቀለስ አላት። ስለ ሣሩ ብቻ እንዳልጠየቀ ገብቷት ወደ ቤት ገባች።

በጋውን ከወንዝ ዳር ሰርዶ ከነሥሩ እየነቀለ አምጥቶ በተራቆተው ቦታ ተከለ። የዕቃ እጣቢ እንኳን ሳይቀር አጠጣው። ፍልፈል ከሥር እየቆፈረ አፈር ሲከምርበት፣ ዱላ ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። የሽብሩ ባሕር ዛፍ ጥላ የጣለበት ጥግ ግን አልይዝ አለው። ቅርንጫፉን ቁረጥልኝ ቢለው ሽብሩ ለሣር ብዬ ዛፌን አልነካም አለና ተኳረፉ። ጠና በየቀኑ ወደ ልጁ ይደውላል፤ ሲያጣው ማጭዱን ያነሳል። ሣሩ ከለመለመ ልጄ ደህና ነው ብሎ ለራሱ ነግሮ ነበር። ሞኝነት መሆኑን ያውቃል፤ ግን ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

የበልጉ ዝናብ ሲገባ ሣሩ ተነሳ። ተነሳና ደግሞ አላቆም አለ። የጠና ወገብ የከዳው ያን ጊዜ ነው። ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ አረም ዋጠው። ጠና የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ እንድርያስን ለመነ፣ ወጣቶቹን ለመነ፣ ኩርፊያውን ውጦ ሽብሩንም ለመነ። ግንቦት የዘር ጊዜ ነው፤ ማን እርሻውን ጥሎ የሰው ሣር ያጭዳል? ሁሉም በትሕትና ሥራ ሲያልቅልን አሉት። ልጄ ድንገት ቢመጣ በዚህ ዳዋ ውስጥ ይግባ ወይ ብሎ በሰው ፊት ድምፁ ተሰበረ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ሽብሩ በቀጥታ ባሕር ዛፉ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን ይመለምል ጀመር። ጠና ዓይኑን ማመን አቃተው፤ ወገቡን ይዞ ወጥቶ መረቃቸው። እንድርያስ እርሻው ፋታ ሰጠን አለ። ጠና ዳር ዳሩን እየዞረ፣ እዚያ ጋ ዝቅ አታድርጉት፣ ሥሩን አትንኩት እያለ ያዛል፤ እነሱም እሺ ይላሉ። ማንም አልቀለደበትም። ሽብሩ እንኳን «ጋሼ» ነው ያለው።

ይሄ ከነከነው። ቀና ብሎ ማሳዎቹን አየ። አፈሩ ዝናብ ጠግቧል፤ በሬዎቹ ሳይጠመዱ ቆመዋል። እርሻው ለማንም ፋታ አልሰጠም። ሽብሩ ከዛፉ ወርዶ የፍልፈሉን ጉድጓዶች በአፈር እየደፈነ በእግሩ ይረግጣል። ምን እንዲህ ያለፋሃል ቢለው፣ ቀና ሳይል፣ የሰው እግር እንዳይሰበር ነው አለ። ጠና ሁለት ሽማግሎች ብቻ የሚኖሩበትን ቤቱን ዞሮ አየ። በዚያ አገር የሰው ደጅ በጋራ የሚታጨደው ለሠርግ ነው፤ አለበለዚያም ለለቅሶ። እሱ ደግሞ ሠርግ አልጠራም።

ከሽብሩ አጠገብ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሽብሩ፣ ስንት ሰው ነው የሚመጣው?»

የሽብሩ እጅ አፈሩ ውስጥ ቀረ። ወደ እንድርያስ ዞረ። እንድርያስም አንገቱን ደፋ።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ደጁ ተሰናድቶ፣ ሰው ተሰብስቦ። ጠና ራሱ ስንቱን ቤት ጎሕ ሲቀድ አንኳኩቷል። ሣሩ ገና ግማሹ አልታጨደም። ለሳምንታት እጨዱልኝ ብሎ የለመናቸውን ሰዎች አሁን ማጭድ የያዘ እጃቸውን እየያዘ ይለምን ጀመር።

«አትጨርሱት። ይሄን ግማሹን ለነገ ተዉልኝ፣ አሁን ምንም አትንገሩኝ። ዛሬን ብቻ የልጅ አባት ሆኜ ልደር።»

እንድርያስ ማጭዱን ከሣሩ ላይ አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሽብሩ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ትንሽ ከቆየ በኋላ እሱም ወጣ።

አስናቀች ለሠራተኞቹ ያዘጋጀችውን ይዛ ስትወጣ ደጁ ላይ ጠና ብቻውን ቆሟል።

«የሚክያስ አባት፣ ምነው ሳይጨርሱት ሄዱ?»

መሸባቸው አላት። ፀሐይዋ ግን ገና አልጠለቀችም። እሷ ይህን ልብ አላለችም፤ ዓይኗ የታጨደው ሣር ላይ ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ያልታየ ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣ። እንዴት እንዳማረ ተመልከት፣ ነገ መጥተው ይጨርሱታል አለችው።

«አዎ» አላት፤ «ነገ ጠዋት ይመጣሉ።»